ዲቃላ ለተባለው ሞተር ሳይክል

ሰሞኑን ስለ ድሮ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክሎች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው ነገሩን ከልባቸው ይወዱታል። ኖርተን ዶሚኔተር ስለተባለው ሞተር ሳይክል የጻፉትን እኔም ወድጄው ደግሜ አንብቤዋለሁ። ትራይተን ላይ ሲደርሱ ግን ብዕራቸው ተለወጠ። «ዲቃላ» ብለው ጀመሩ። ሲጨርሱም ትራይተን ያለው ሰው ሁሉ ይፍታው፣ ዕቃውንም ወደየመጣበት ይመልስ አሉ። ይህን አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ለማያውቀው አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። ትራያምፍና ኖርተን ሁለት የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች ናቸው። ትራይተን የትራያምፍ ሞተር በኖርተን ሻንሲ ላይ ተገጥሞ የተሠራ ሞተር ሳይክል ነው። ስሙም የሁለቱ ስም ተቆርጦ የተቀጠለ ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የእንግሊዝ ወጣቶች በየጓሯቸው ይሠሩት ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በሰሜን ምዕራብ ለንደን ኤስ ካፌ ደጃፍ የሚሰበሰቡት ልጆች በሰዓት 100 ማይል፣ ማለትም 161 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለመድፈን ይታገሉ ነበር። ትራይተን የብዙዎቹ ሕልም ነበር።

እኔም አንድ አለኝ። እዚሁ ለንደን፣ በአንዲት ጠባብ ጋራዥ ውስጥ አራት ዓመት ፈጅቶብኝ የሠራሁት ነው። ስለዚህ ገለልተኛ አይደለሁም። የምጽፈው ግን የማውቀውን ነው።

የጸሐፊው የመጀመሪያ ነጥብ ስለ አባት ነው። ትራይተንን የሠራ ፋብሪካ የለም፤ ፋብሪካ ያልሠራው ደግሞ እውነተኛ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል አይባልም ይላሉ።

እስቲ አባቶቹን እንጠይቅ። ትራያምፍ የመጀመሪያውን ሞተር ሳይክል የሠራው በ1902 ነው። ሞተሩ የራሱ አልነበረም። ሚነርቫ የሚባል የቤልጂግ ሞተር ነበር። ኖርተንስ? በ1907 ማን በምትባለው ደሴት የመጀመሪያው ቲቲ የተባለው የሞተር ሳይክል ውድድር ሲደረግ፣ ሬም ፋውለር በሁለት ሲሊንደር ምድብ ያሸነፈው በኖርተን ነበር። የኖርተኑ ሞተር ግን የፈረንሳዩ ፔጆ ነው። ኖርተን ስሙን ያስጠራው በሰው ሞተር ነው ማለት ነው።

ጸሐፊው ያን ያህል የሚያደንቁት ፌዘርቤድ የተባለው የኖርተን ሻንሲስ የማን ልጅ ነው? የነደፉት የኖርተን ፋብሪካ መሐንዲሶች አይደሉም። ሬክስና ክሮሚ ማካንድለስ የሚባሉ የቤልፋስት ወንድማማቾች ናቸው። ሬክስ ትምህርት ቤት ሳይሆን ሥራው ራሱ ያስተማረው ሰው ነው። ኖርተን ሻንሲውን ተቀብሎ በ1950 ውድድር ውስጥ አስገባው። ጄፍ ዱክ በዚያው ዓመት ሲኒየር ቲቲን፣ ማለትም የቲቲን ዋና ምድብ፣ አሸነፈበት። ሃሮልድ ዳንየል የተባለው የኖርተን ተወዳዳሪ ነድቶት ሲወርድ፣ የላባ ፍራሽ ላይ የመቀመጥ ያህል ነው አለ። ፌዘርቤድ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። እንግዲህ አንድ የጋራዥ ሰው የነደፈውን ሻንሲ ፋብሪካ ሲወስደው እውነተኛ ሆነ። ያንኑ ሻንሲ ሌላ የጋራዥ ሰው ሲወስደው ዲቃላ የሚሆነው በምን ሚዛን ነው?

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ከመቀላቀል አልተቆጠቡም። በ1960ዎቹ ኤኤምሲ የሚባለው ኩባንያ ኖርተንንም ማችለስንም በእጁ ይዞ ነበር። የኖርተን አትላስን 750 ሲሲ ሞተር አውጥቶ ማችለስ ላይ ገጠመውና ጂ15 ብሎ ሸጠው። ዲቃላ ያለው ሰው አልሰማሁም። ሪክማን የሚባሉት ወንድማማቾች ደግሞ የቢኤስኤ ሻንሲ፣ የትራያምፍ ሞተርና የኖርተን ካምቢዮ አዋሕደው የጭቃ ውድድር ሞተር ሳይክል ሠሩ። ስሙን ሜቲስ አሉት። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው፤ ክልስ ማለት ነው። በኋላ የራሳቸውን ሻንሲ መሥራት ሲጀምሩም ስሙን አልቀየሩትም። እኔም ትራይተንን ክልስ ለሚለኝ ሰው እሺ እላለሁ። ዲቃላ ግን ስድብ ነው። አንድን ነገር እናቱም አባቱም የሚክዱት ሲሆን የሚባል ነው። ትራይተንን ማንም አልካደውም።

ሁለተኛው ነጥብ ልብ ይነካል። ለእያንዳንዱ ትራይተን ሲባል አንድ ሙሉ፣ ጤነኛ ኖርተን ታርዷል ይላሉ።

ማን አረደው? በ1950ዎቹ 500 ሲሲ ሞተር የሚገጠምላቸው ትናንሽ የውድድር መኪኖች ነበሩ። ምድቡ ፎርሙላ 3 ይባል ነበር። ከመኪኖቹ ሁሉ የታወቀው ኩፐር ነው። ለነዚህ መኪኖች ከተገኘው ሞተር ሁሉ የሚበልጠው ማንክስ የተባለው የኖርተን የውድድር ሞተር ሳይክል ሞተር ነበር። ኖርተን ደግሞ ሞተሩን ለብቻው አልሸጥም አለ። የመኪናዎቹ ሰዎች ምን አደረጉ? ሙሉውን ሞተር ሳይክል ገዙ። ሞተሩን አውጥተው መኪናቸው ውስጥ ከተቱት። የቀረው ሻንሲ ከነጎማው፣ ከነፍሬኑ፣ ከነሹካው ያለ ሞተር ጋራዥ ጥግ ተደገፈ። በዘመኑ ከነበረው የሞተር ሳይክል ሻንሲ ሁሉ የተሻለው ማለት ነው። እዚያ ዝጎ ይቅር ነበር? የትራያምፍ ሞተር ገጥሞ ነፍስ የዘራበትን ሰው አራጅ ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

እርግጥ ትራይተኖች ሁሉ ከማንክስ አልመጡም። ማንክስ ውድ ነው፤ ቁጥሩም ትንሽ ነው። አብዛኛው ሻንሲ ከዶሚኔተር የወጣ ነው። ዶሚኔተሮቹም የተጋጩ፣ ሞተራቸው የነከሰ፣ ባለቤታቸው መጠገን ያቃተው ነበሩ። የኔ ሻንሲ ከ1960 በኋላ የመጣው ቀጠን ያለው ዓይነት ነው። የገዛሁት ባዶውን ነው። ቱቦው ውስጥ የወፍ ጎጆ የመሰለ ነገር ተሰክቶበት ነበር።

እዚህ ላይ ግን ከጸሐፊው ጋር የምስማማበት ነገር አለ፤ በሙሉ ልቤ ነው የምስማማው። ዛሬ፣ በዚህ ዘመን፣ ተሟልቶ የቆመ ዶሚኔተር ገዝቶ ለትራይተን ብሎ መፍታት ነውር ነው። አያስፈልግምም። በፌዘርቤድ ልክ አዲስ ሻንሲ የሚሠሩ ወርክሾፖች እዚህ እንግሊዝ አሉ። ጽሑፉ ይህን ብቻ ብሎ ቢያቆም ኖሮ መልስ ሳይሆን ምስጋና እጽፍ ነበር።

ሦስተኛው የመካኒክ ጉዳይ ነው። ረዘም አድርጌ ብመልስ አንባቢ ይቅር ይበለኝ። የትራያምፍ ሞተር ለኖርተን ሻንሲ አልተፈጠረም፤ ስለዚህ ይንቀጠቀጣል፣ ዘይት ያፈሳል፣ በመጨረሻም ሻንሲውን ይሰነጥቃል ይላሉ።

መንቀጥቀጡ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ጋብቻው አይደለም። የትራያምፉ መሐንዲስ ኤድዋርድ ተርነር በ1937 ስፒድ ትዊን የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ ሁለት ፒስተኖች ጎን ለጎን አቆመ። አብረው ይወጣሉ፣ አብረው ይወርዳሉ። አንዱ ተቀጣጥሎ ሲገፋ ሌላው ነዳጅ ይስባል። ያ እኩል የሆነ፣ ደስ የሚል ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ዋጋው ደግሞ ንዝረት ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ወደ ላይ ሲወረወሩ ወደ ታች የሚሄድ አቻ ፒስተን የለም። ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ክራንክ ሻፍት ላይ ያለው ክብደት ንዝረቱን ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። በ1949 ተንደርበርድ የተባለው የትራያምፍ ሞዴል መጥቶ ሞተሩ ከ500 ወደ 650 ሲሲ ሲያድግ ንዝረቱም አብሮት አደገ። ይህ ሁሉ የሆነው በትራያምፍ በራሱ ሻንሲ ላይ ነው።

አሁን ደግሞ የኖርተንን የራሱን ሞተር እንይ። በርት ሆፕዉድ ነድፎት በ1949 ገበያ የወጣው የዶሚኔተር ሞተር አሠራሩ ምንድን ነው? ሁለት ፒስተን፣ ጎን ለጎን፣ አብረው የሚወጡ፣ አብረው የሚወርዱ። ያው ነው! ይህ ሞተር አድጎ አድጎ 750 ሲሲ አትላስ ላይ ሲደርስ ንዝረቱ አላስቀምጥ አለ። ኖርተን በ1967 ኮማንዶን ሲያቀርብ ሞተሩን ላስቲክ ላይ ያስቀመጠው፣ ፌዘርቤድንም የተወው ለዚህ ነው። ስለዚህ ፌዘርቤድ ከእናቱ ቤት ጀምሮ የሚያውቀው ንዝረት ነው ከትራያምፍ ጋር የመጣለት።

የሚለወጥ ነገር ግን አለ። ሻንሲ ሲቀየር ንዝረቱ የሚሰማበት ቦታና ፍጥነት ይቀየራል። በትራያምፍ ላይ እጀታው ላይ የምትሰማው ነገር እዚህ እግር ማሳረፊያው ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው ክራንክ ሻፍቱን አውጥቶ ለአዲሱ ቤቱ እንደገና ያስመዝነዋል። ከቴስታታው፣ ማለትም ከሞተሩ ራስ፣ ወደ ሻንሲው የሚሄደውን መያዣም አጥብቆ ይሠራል። እኔ መጀመሪያ በቀጭን ላሜራ ሠርቼው በሁለት ሳምንት ተሰነጠቀ። ወፍራም አድርጌ ቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ቡሎን አልላላም።

ዘይቱስ? የትራያምፍ ሞተር ታችኛው ክፍል መሃል ለመሃል ቁልቁል የተከፈለ ነው። ሁለት ግማሾች ተጋጥመው ነው የሚታሰሩት። ሁለቱ ፒስተኖች አብረው ሲወርዱ ደግሞ ከሥራቸው ያለውን አየር ይጨምቁታል። አየሩ በመተንፈሻው ቶሎ ካልወጣ በመገጣጠሚያው በኩል ዘይት እየገፋ ይወጣል። ሻንሲው እዚህ ውስጥ ምንም እጅ የለበትም። መድኃኒቱ ትዕግሥት ነው። መጋጠሚያዎቹን በወፍራም መስተዋት ላይ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ለጥ እስኪሉ ማሸት፣ መተንፈሻውን ማጽዳት፣ ጓርኒሲዮኑን መቀየር። የኔው ጋራዥ ወለል ላይ ዛሬ ካርቶን አላነጥፍም።

ሻንሲ መሰንጠቅን በተመለከተ፣ ጸሐፊው የትራያምፍን የራሱን ታሪክ ዘንግተዋል። በ1960 ቦነቪል በተባለው ሞዴል ላይ የመጣው አዲሱ የትራያምፍ ሻንሲ ከመሪው አንገት ሥር መሰንጠቅ ጀመረ። ፋብሪካው ሌላ ቱቦ ጨምሮ ሊያጠነክረው ተገደደ። ሰው የትራያምፍን ሞተር ይዞ ወደ ኖርተን የሄደው እኮ ለዚህ ነው። ሞተሩ ፈጣን ነው፤ ጉልበት መጨመር ቀላል ነው፤ ዕቃው በየቦታው ይገኛል። መታጠፊያ ላይ ግን የትራያምፍ ሻንሲ ይዋልላል። ፌዘርቤድ አይዋልልም።

ወረቀት ላይ መከራከሩ ካልበቃ፣ በተግባር የታየም አለ። በ1965 ባርሴሎና፣ ሞንጁይክ ኮረብታ ላይ የ24 ሰዓት ውድድር ነበር። አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳያቋርጡ መንዳት ነው። ያሸነፉት ዴቭ ዴገንስና ሬክስ ቡቸር ናቸው። የነዱት ደግሞ የዴገንስ ወርክሾፕ፣ ድሬስዳ፣ የሠራው ትራይተን ነው። የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያፈስ፣ የሚሰነጠቅ ነገር ያን ሁሉ ሰዓት ያን መንገድ አይችለውም። ጸሐፊው ይህን ውድድር አንድም ቦታ አላነሱትም።

አራተኛው ስለ ቁጥር ነው። በእውነተኛ ሞተር ሳይክል ላይ የሻንሲውና የሞተሩ ቁጥር ይገጥማል፤ ትራይተን ላይ አይገጥምም፤ ስለዚህ ማጭበርበር ነው ይላሉ።

ማጭበርበር የሚሆነው የማይገጥመውን ቁጥር ፍቆ የሚገጥም ቁጥር መምታት ነው። ተራ ሻንሲና ተራ ሞተር ይዘው፣ ቁጥር ቀጥቅጠው፣ ኦሪጅናል ቦነቪል ነው ብለው የሚሸጡ ሰዎች አሉ። ጸሐፊው ቁጣቸውን ወደዚያ ቢያዞሩት አብሬያቸው እጮኻለሁ። ትራይተን ግን ቅልቅል መሆኑን በስሙ ይናገራል። እንደኛ ሀገር ሊብሬ ሁሉ፣ በእንግሊዝ የባለቤትነት ወረቀት ላይም ሻንሲና ሞተር ለየብቻ ይመዘገባሉ። ሞተር ስትቀይር ታሳውቃለህ፤ ይጻፍልሃል፤ አለቀ። ለዓመታት በሠራው የነጥብ አሠራር፣ የተለወጠ ተሽከርካሪ የድሮ ሰሌዳውን ይዞ ለመቆየት 8 ነጥብ ያስፈልገው ነበር። ሻንሲ ብቻውን 5 ነጥብ ነበረው። ሞተር 1። ሕጉ ራሱ የሞተር ሳይክልን ማንነት የት እንደሚያየው ከዚህ ይታያል። ሌላም አለ። ከ40 ዓመት በላይ የሆነ ተሽከርካሪ እዚህ ከዓመታዊ ምርመራ ነጻ ነው። ባለፉት 30 ዓመታት በመሠረቱ የተለወጠ ከሆነ ግን ነጻነቱ አይሠራለትም። የኔ በየዓመቱ ይመረመራል። እኔም ደስ ብሎኝ ነው የምወስደው።

ከሁሉ ያስከፋኝ አምስተኛው ነው። ትራይተን የሚሠራ ሰው ባለሙያ አይደለም፤ ዕቃ ገዝቶ ቡሎን የሚያስር ነው፤ ሙያ ማለት የፋብሪካውን ሥራ እንደነበረ መመለስ ነው ይላሉ።

የፋብሪካውን ሥራ እንደነበረ መመለስ ትልቅ ሙያ ነው። አልክድም። ያንን የሚሠራ ሰው ግን አንድ ነገር አለው። መጽሐፍ አለው። ይህ ቡሎን እዚህ ይገባል፣ ይህ ዳዶ በዚህ ያህል ይጠብቃል የሚል የፋብሪካ መጽሐፍ። ለትራይተን እንዲህ ያለ መጽሐፍ ፋብሪካ አልጻፈም። ሁለት ፋብሪካ የማያውቁትን ክፍተት የምትሞላው አንተ ነህ።

ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኙት የአሉሚኒየም ሰሌዳዎች ናቸው። እኔ የመጀመሪያዎቹን ተሠርተው ያለቁትን ገዛሁ። ሻጩ ይገጥማሉ አለኝ። ቀዳዳዎቹ ገጠሙ። ሞተሩ ግን ወደ አንድ ጎን 4 ሚሊ ሜትር ተገፍቶ ተቀመጠ። አላስተዋልኩም። 300 ኪሎ ሜትር ሳልነዳ ካቴናውን የሚያዞረው የፒኞን ጥርስ በአንድ ወገን ተበላ፤ ካቴናውም አብሮ ሄደ። መንገድ ዳር ቁጭ ብዬ ያንን ጥርስ ሳይ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ያኔ ጎረቤቴ የነበሩ አንድ እንግሊዛዊ አዛውንት መጡ። በወጣትነታቸው ትራይተን ነድተዋል። ሰሌዳዎቹን አይተው ጣላቸው አሉኝ። መጀመሪያ በካርቶን ቁረጥ፣ ቀጥሎ በእንጨት፣ ልክ መሆኑን ሦስት ቀን ካየኸው በኋላ ብቻ ብረት ንካ አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። ሞተሩ ወደ ፊትና ዝቅ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ አለበለዚያ የፊት ጎማው ይቀልላል። በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ማርሚታው መታጠፊያ ላይ አስፋልት ይነካል። ከፍ ካለ የቫልቮቹ ክዳን ሰልባትዮውን ተሸክሞ የሚያልፈውን ቱቦ ይገፋል። በነዚህ ሦስት መካከል ያለው ቦታ የጣት ስፋት ነው። ያንን ስታገኝ ካምቢዮው ይቀራል። የሞተሩ ካቴና የሚጠብቀው ካምቢዮውን ወደ ኋላ በመሳብ ነው። ካምቢዮው ሲሳብ የኋላው ካቴና ይላላል። አንዱን ስትይዝ ሌላው ያመልጥሃል። ረጅም ቀጥ ያለ ብረት ከኋላው ጎማ የካቴና ኮሮና ላይ አጋድሜ፣ በእጅ ባትሪ እያየሁ፣ ስንት ምሽት እንዳደርኩ ቤተሰቤ ይመስክር። በመጨረሻ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው አሉሚኒየም ቆርጬ፣ ቶርኖ ያለው ወዳጄ ጋ ወስጄ ስፔሰሮቹን አስጠረብኩ።

መፍቻው ራሱ ትምህርት ነው። የነዚህ ሞተር ሳይክሎች ቡሎን ሚሊ ሜትር አያውቅም። ዊትወርዝ በሚባለው የድሮ የእንግሊዝ ልክ በተሠራ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የመፍቻውን አፍ ስፋት አይደለም፤ የቡሎኑን ግንድ ውፍረት ነው። በዚያ ላይ አንድ ሞተር ውስጥ አንዱ ቡሎን ጥርሱ ሸካራ ነው፣ ጎኑ ያለው ደቃቅ ነው። በዓይን ይመሳሰላሉ። ተሳስተህ ብታስገባው አሉሚኒየሙን ይበላዋል። እኚያ አዛውንት የራሳቸውን መፍቻዎች በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዛሬ በሕይወት የሉም። ቡሎን ማሰር ብቻ ነው የሚለውን ሳነብ ትዝ ያሉኝ እሳቸው ናቸው።

ወደ መጨረሻው ጥሪያቸው ልምጣ። ፍቱት፣ መልሱት ይላሉ። ወዴት ነው የምመልሰው? ሻንሲዬ የ1961 ዶሚኔተር ነው። የራሱ ሞተር የት እንደደረሰ የማገኛቸውን የቀድሞ ባለቤቶች ሁሉ ጠይቄ የሚያውቅ አላገኘሁም። ሞተሬ ከ1956 ተንደርበርድ የወጣ ነው። የሱ ሻንሲ በአደጋ ታጥፎ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጧል። ካምቢዮው ከሌላ ኖርተን ነው፤ ሹካውም እንደዚሁ። ሁሉም ቤታቸው ከፈረሰ በኋላ ነው እኔ ጋ የተገናኙት። ብፈታቸው ሁለት ሳጥን ዕቃ ይሆናሉ።

ጸሐፊው ለንደን ከመጡ ጋራዤ ክፍት ነው። ሲጽፉ የነዱት አይመስለኝም፤ ይንዱት። ቁልፍ የለውም፤ ብልጭታውን ያለ ባትሪ የሚያመነጭ ማግኔቶ ነው ያለው። ቤንዚኑን ይክፈቱ። የአማል ካርቡራተሩን ትንሿን መግፊያ ቤንዚን ጣትዎን እስኪያርስ ድረስ ይጫኑ። ቀስ ብለው አንዴ ይርገጡት፤ ያ ለመሳብ ነው። ሁለተኛውን በሙሉ ክብደትዎ ይርገጡ፤ ይነሳል።